ዳርክ ሞድ የዓይን መድኃኒት ነው ወይ?

የሳይንስና ጤና አምድ
ከ8ኛ ለ ክፍል



የዛሬው ጽሑፌ ትምህርትም ነው፣ ማስተካከያም ነው። ባለፈው ዕትም "ያውቁ ኖሯል?" በሚለው ሳጥን ውስጥ "ዳርክ ሞድ ካበራችሁ ቪዲዮ ስታዩ ዓይናችሁን አያማችሁም" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበትም ነበር። ብዙዎቻችሁ አንብባችሁ ስልኩን ጥቁር እንዳደረጋችሁት በረፍት ሰዓት ነግራችሁኛል። ግን የጻፍኩት ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በእጅ የተጻፈ መጽሔት ደግሞ አንዴ ከተነበበ በኋላ ቢሰርዙት ዋጋ የለውም። ስለዚህ በዚህ ዕትም ላርመው ተነሣሁ።

ነገሩ እንዴት ጀመረ?

ከመስከረም ጀምሮ ማታ ማታ በእማዬ ስልክ የሒሳብ ትምህርት ከዩቲዩብ አያለሁ። ትንሹ ወንድሜ እዚያው ክፍል ስለሚተኛ መብራቱን አጠፋለሁ። ስልኩን ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብቼ አፍንጫዬ ሥር አድርጌ ነው የማየው። ጠዋት ስነሣ ግንባሬን ያመኛል፣ ዓይኔ ደግሞ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል።

ታዲያ በግማሽ ዓመት እረፍት አክስቴ ጋ ኮምቦልቻ ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ነው። ስልክ ሳይ አየኝና "ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽን የምታሺው?" አለኝ። ነገርኩት። "አብሽሪ! ነጩ ነው የሚያሳምምሽ፤ ጥቁር አድርጊው፣ በቃ!" አለና አንድ ሁለት ቦታ ነካክቶ ገጹን በሙሉ አጠቆረው። እውነትም ዓይኔን ቀለል አለኝ። ደሴ ስመለስ ለጓደኞቼ አወራሁ፣ በመጽሔታችንም ጻፍኩት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ራስ ምታቱ ተመልሶ መጣ። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ቁመቴ ረጅም ስለሆነ የምቀመጠው የመጨረሻው ዴስክ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን 3 እኔ 8 አድርጌ እገለብጣለሁ። ካጠገቤ ካለችው ልጅ ደብተር ማየት አበዛሁ። በሒሳብ ፈተና ከ20 11 አመጣሁ። ሥሌቱን አውቀዋለሁ እኮ! የተሳሳትኩት ቁጥሩን ስገለብጥ ነው። እማዬ ውጤቱን ስታይ "ይሄ ስልክ ነው ዓይንሽንም ጭንቅላትሽንም የሚበላው!" ብላ ስልኩን ቀማችኝ።

ያዳነኝ የክበባችን ኃላፊ መምህር ናቸው። የሚኒ ሚዲያ ዜና ሳነብ አይተውኝ "ወረቀቱን ለምንድነው እንዲህ የምታስጠጊው? ሰሌዳውንስ ለምን ዓይንሽን አጨንቁረሽ ታያለሽ?" አሉኝና እናቴን አስጠሩ። ከዚያ ከእማዬ ጋር ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዓይን ሕክምና ሄድን። እዚያ የሰማሁትንና በኋላም መምህራችን ያስረዱኝን ነው ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ።

1. ዳርክ ሞድ ምንድነው?

ደብተራችንን አስቡት። ወረቀቱ ነጭ ነው፣ ጽሑፉ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ነው። ስልክም ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው። የክፍላችንን ሰሌዳ ደግሞ አስቡት። ሰሌዳው ጥቁር፣ ጠመኔው ነጭ። ዳርክ ሞድ ማለት ስልኩን ከደብተር ወደ ሰሌዳ መቀየር ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ዩቲዩብ ይህን ለኮምፒውተር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን በስልክ ላይ የመጣው በ2018 ነው። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ (እ.ኤ.አ. 2019) ደግሞ ስልኩን በሙሉ አንድ ጊዜ ማጥቆር ይቻላል።

እንዲህ ነው የሚበራው፦
ሀ. ዩቲዩብን ክፈቱ፤ የራሳችሁን ምስል ወይም ክቧን ምልክት ንኩ።
ለ. ሴቲንግ ግቡ (የጥርስ ጎማ ምልክት ያለባት ናት)።
ሐ. ጄኔራል፣ ቀጥሎ አፒራንስ የሚለውን ንኩ።
መ. ዳርክ ቲም የሚለውን ምረጡ።
ስልኩን በሙሉ ለማጥቆር ከፈለጋችሁ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለው ጋ ታገኙታላችሁ። ስልኩ የቤተሰብ ከሆነ ግን ሳታስፈቅዱ አትቀይሩ። አያቴ ስልኩ ጠቁሮ ስታይ "ተበላሸ!" ብላ ደንግጣለች።

2. ብርሃን ለምን ያሳምማል?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ማታ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሽቅብና ጠመዝማዛ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። እኔ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፊት ነበርኩ። በኩርባው ላይ አንድ የጭነት መኪና ረጅም መብራቱን አብርቶ ብቅ ሲል ሁላችንም ዓይናችንን ሸፈንን። ሹፌሩ "መብራትህን ቀንስ እንጂ!" ብሎ ጮኸ። ያው መኪና በጠራራ ፀሐይ መብራቱን ቢያበራ ማን ይሸፍናል? ማንም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። በዓይናችን መካከል ያለችው ጥቁር ቀዳዳ ብሌን ትባላለች። ብርሃን ሲበዛ ትጠባለች፣ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ትወርዳለች። ጨለማ ሲሆን ብርሃን ለመሰብሰብ ትሰፋለች፣ እስከ 8 ሚሊ ሜትር ትደርሳለች። በጨለማ ተከፍታ የቆየች ብሌን ላይ ድንገት ኃይለኛ ብርሃን ሲገባ ዓይን ይጨነቃል። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ነጭ ገጽ ስከፍት በየማታው በራሴ ላይ የጭነት መኪና መብራት አበራ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ለምሳሌ መብራት ሲጠፋ፣ ዳርክ ሞድ ነጸብራቁን ይቀንሳል፣ ዓይንም ይቀለዋል። እውነቱ ይሄ ነው። አሁን ወደ ስሕተቱ እንሂድ።

3. እኔ የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?

አንደኛ፦ ዳርክ ሞድ ቪዲዮውን አይነካም። የሚያጠቁረው ከቪዲዮው ውጭ ያለውን ነው፦ ርእሱን፣ የቪዲዮ ዝርዝሩን፣ ሰው የሚጽፈውን አስተያየት። የሒሳብ መምህሩ በነጭ ወረቀት ላይ እየጻፈ ካስተማረ ቪዲዮውን ሙሉ ስክሪን ስታደርጉት ያው ነጭ ነው! እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ ስክሪን አድርጌ ነው የማየው። ለቪዲዮ የሚሻለው የስልኩን ብርሃን መቀነስና የክፍሉን መብራት ማብራት ነው። የስልኩ ብርሃንና የክፍሉ ብርሃን ሲመጣጠኑ ዓይን አይጨነቅም።

ሁለተኛ፦ በቀን ብርሃን ዳርክ ሞድ ለብዙ ሰው ማንበብን ያከብዳል እንጂ አያቀልም። ጥቁር ጽሑፍ በነጭ ላይ ሲሆን ብሌን ትጠባለች፣ ብሌን ስትጠብ ደግሞ ፊደሉ ይጠራል። ገጹ ጥቁር ሲሆን ብሌን ስለምትሰፋ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። አስቲግማቲዝም የሚባል የእይታ ችግር ያለባቸው ሰዎች ነጩ ፊደል በጥቁር ላይ ሲሆን ዙሪያውን ጭስ የከበበው ሊመስላቸው ይችላል። ቀን ቀን ፊደሉ ከደበዘዘባችሁ ወደ ነጩ መልሱት።

ሦስተኛ፦ ዓይን የሚደክመው በቀለሙ ብቻ አይደለም። ዋናዎቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው።

ሀ. መጨፈን እንረሳለን። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይከፍታል። እያንዳንዱ መጨፈን ዓይናችንን በእንባ ያጥባል። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ግን ይህ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ዓይኑ ይደርቃል፣ ያቃጥላል። "አሸዋ ገባብኝ" ያልኩት ይሄንኑ ነው። ስክሪኑ ጥቁርም ሆነ ነጭ፣ ካፈጠጥን ያው ነው።

ለ. ቅርብ ማየት ሥራ ነው። ሩቅ ስናይ በዓይናችን ውስጥ ያለው ጡንቻ ያርፋል። ቅርብ ስናይ ጡንቻው ይኮማተርና ሌንሱን ያወፍረዋል። ስልኩ በቀረበ ቁጥር ሥራው ይበዛል። አንድ እንስራ ውሃ ተሸክሞ ሁለት ሰዓት መቆም ማለት ነው። እንስራውን ጥቁር ቀለም ብንቀባው ይቀለናል እንዴ?

4. ታዲያ ምን እናድርግ?

• 20፣ 20፣ 20። በየ20 ደቂቃው፣ ለ20 ሰከንድ፣ 20 ጫማ (6 ሜትር ያህል) የሚርቅ ነገር እንይ። የደሴ ልጆች እድለኞች ነን፤ መስኮት ከፍተን ጦሳን ማየት እንችላለን። የኮምቦልቻ ልጆችም ዙሪያችሁን ተራራ ነው። ማታ ከሆነ ደግሞ የክፍሉን ሩቅ ጥግ ማየት ይበቃል።
• ርቀት። ስልኩ ከክርናችን እስከ ጭብጣችን ያለውን ያህል ይራቅ። ኮምፒውተር ደግሞ እጃችንን ዘርግተን የምንደርስበትን ያህል።
• ብርሃን። መብራት አብርተን እንይ። መብራት ከጠፋ ያኔ ዳርክ ሞድ እናብራ፣ የስልኩንም ብርሃን እንቀንስ።
• ፊደል ማተለቅ። ጽሑፉ ሲተልቅ ስልኩን ወደ አፍንጫ ማስጠጋት ይቀራል።
• ዓይንን አውቆ መጨፈን። አንድ ጥያቄ ሠርተን በጨረስን ቁጥር ጨፈን ከፈት፣ ጨፈን ከፈት።
• ከመተኛታችን በፊት ስልክ ማስቀመጥ። የስክሪን ብርሃን አእምሯችን ገና ቀን እንዲመስለው ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይዘገያል። ጥቁር ስክሪንም ቢሆን ቪዲዮው ራሱ አያስተኛም።
• ውጭ መጫወት። ታይዋን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተማሪዎች በቀን 120 ደቂቃ ከቤት ውጭ እንዲቆዩ የሚያደርግ የትምህርት ቤት ፕሮግራም አለ። የቀን ብርሃን የልጆች ዓይን ሩቅ የማየት ችሎታውን እንዳያጣ ስለሚረዳ ነው። ስለዚህ "ኳስ ልጫወት ልሂድ" ስትሉ ሳይንሳዊ ምክንያት አላችሁ። (ለወላጅ ስታስረዱ የቤት ሥራችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ይሁን።)

ማሳሰቢያ፦ ቀይ ዓይን፣ የሚያለቅስ ዓይን ወይም ዓይናር የበዛበት ዓይን ሁሉ ከስልክ የመጣ አይደለም። በክልላችን ትራኮማ የሚባለው በሽታ እስካሁን ብዙ ሰው ያሠቃያል። የሚያመጣው ባክቴሪያ ሲሆን በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ ይተላለፋል። ካልታከመ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ገብቶ ዓይንን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ፊታችንን በየቀኑ እንታጠብ፣ ፎጣ አንዋዋስ፣ ካመመን ጤና ጣቢያ እንሂድ።

5. የኔ ዓይን ችግር ምን ነበር?

ቦሩ ሜዳ አንዲት የዓይን ባለሙያ 6 ሜትር አርቀው አስቀመጡኝና ኢ የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል በብዛት የተጻፈችበት ሠንጠረዥ አሳዩኝ። የፊደሏ እግሮች አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ግራ ናቸው። በጣቴ አቅጣጫውን ማሳየት ነበረብኝ። ከላይ ያሉትን ትልልቆቹን አየሁ። ወደ ታች ሲወርዱ ሁሉም ጉንዳን ሆኑብኝ። እማዬ አጠገቤ ቆማ "ኧረ ይቺን እንኳ አታያትም?" አለች። ድምፅዋ ሲለወጥ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ስልክ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ቅርብ እንጂ ሩቅ የማያይ ዓይን ነው አሉን። ብርሃኑ ሬቲናው ላይ ማረፍ ሲገባው ከሬቲናው በፊት ይሰበሰባል። በሳይንስ እንደምንማረው ይህን የሚያስተካክለው ስርጉድ ሌንስ ነው። እማዬ በእቁብ ብሯ መነጽር አሠራችልኝ። አድርጌው ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ለካ ከሩቅ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይታያል! እኔ ዛፍ ለሁሉም ሰው አረንጓዴ ጉም የሚመስል ይመስለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ትልቁን ስሕተቴን ልናገር። ሰሌዳው አይታየኝም ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንዱ፣ ዳርክ ሞድ ያድነኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሁለተኛው፣ መነጽር ካደረግሁ "አራት ዓይና" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እንደፈራሁትም አሉኝ። ግን መምህራችን ክፍል ውስጥ ምን እንዳሉ ስሙ፦ "አራት ዓይና ማለት በቤተ ክህነት ትምህርት አራቱን ጉባኤያት ላወቀ ሊቅ የሚሰጥ የክብር ስም ነው።" ከዚያ ወዲህ "አራት ዓይና" ሲሉኝ "አቤት" እላለሁ።

6. እናንተም ሞክሩት

ሙከራ አንድ። ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዱ ለአንድ ደቂቃ ያውራ፣ ሌላው ስንት ጊዜ እንደጨፈነ ይቁጠር። ቀጥሎ ያው ልጅ ለአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይይ፣ እንደገና ይቆጠር። እኔ ሳወራ 17 ጊዜ፣ ቪዲዮ ሳይ 6 ጊዜ ጨፈንኩ። እየተቆጠረ መሆኑን ለሚታየው ልጅ አትንገሩት፤ ካወቀ ይጨፍናል።

ሙከራ ሁለት። መስታወት ይዛችሁ ጨለም ያለ ቦታ ቁሙ፤ ከዚያ ወደ መስኮት ዙሩና ብሌናችሁ ስትጠብ ተመልከቱ። ፀሐይን ግን በቀጥታ በፍጹም አትዩ።

ሙከራ ሦስት (ዋናው)። በዚህ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ በጥቁር ማርከር አራት የኢ ፊደል ሥያለሁ፤ አራቱም ወደተለያየ አቅጣጫ የዞሩ ናቸው። ቁመታቸው 17 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፣ በማስመሪያ ለክቼዋለሁ። ገጹን በደንብ ብርሃን ባለበት ግድግዳ ላይ በዓይናችሁ ትክክል አድርጉትና በሜትር ለክታችሁ 6 ሜትር ራቁ። አንድ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ሸፍኑ (አትጫኑት)፣ አቅጣጫውን በጣት አሳዩ፤ ከዚያ በሌላው ዓይን ድገሙት። በአንዱም ዓይን ቢሆን መለየት ያቃተው ልጅ ለወላጁና ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ይንገር። ይህ የሐኪም ምርመራን አይተካም፣ "ሂድና ታይ" የሚል ጥቆማ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ዳርክ ሞድ ሙሉ ስክሪን የተደረገ ቪዲዮን ያጠቁራል? እውነት ወይስ ሐሰት?
2. በጨለማ ብሌን ምን ትሆናለች?
3. በየ20 ደቂቃው ምን እናደርጋለን?
4. ዳርክ ሞድ የሚጠቅመው መቼ ነው?

መልስ፦ 1. ሐሰት 2. ትሰፋለች 3. 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ እናያለን 4. ጨለማ ክፍል ውስጥ ወይም መብራት ሲጠፋ

ለማጠቃለል፣ ባለፈው ዕትም የጻፍኩት እንዲህ ተብሎ ይታረምልኝ፦ "ዳርክ ሞድ በጨለማ ነጸብራቅ ይቀንሳል። ዓይንን የሚያሳርፈው ግን ርቀት፣ ብርሃንና እረፍት ነው። ሰሌዳ የማይታየው ልጅ ደግሞ መታየት ያለበት በሐኪም ነው።"

አሁን የምቀመጠው ሁለተኛው ዴስክ ላይ ነው። ስልኩንም እማዬ መልሳልኛለች፣ ግን ሳሎን፣ መብራት በርቶ፣ እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ። እናንተም ዛሬ ክፍል ስትገቡ ወደ ኋላ ዘወር ብላችሁ እዩ። ዓይኑን አጨንቁሮ የሚያይ፣ ካጠገቡ ልጅ ደብተር የሚገለብጥ ልጅ ካለ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት። ምናልባት እንደኔ ዛፉ ሁሉ ጉም ሆኖበት ይሆናል። ይህን መጽሔት ይዛችሁ ሂዱና የመጨረሻውን ገጽ አሳዩት። ሳይቃጠል በቅጠል!

ገጹን ሳትቀዱ ለሚቀጥለው ክፍል አስተላልፉ። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።